ጉሮሮዬን የመረረኝ የዓይን ጠብታ

ዓይኔ ቀልቶ አይናር በያዘኝ ጊዜ ክሎራምፌኒኮል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ታዘዘልኝ። ጠብ ካደረግሁት ደቂቃዎች እንኳ ሳይሞሉ ምሬቱ ጉሮሮዬ ደረሰ፤ ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት እዚያ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ስል ማንበብ ጀመርሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቦታ ጥበት ነው። በዓይን ገጽ ላይ ዘወትር ያለው እንባ 7 ማይክሮሊትር ገደማ ሲሆን፣ ከብልቃጡ የሚወርደው አንድ ጠብታ ግን ከ30 እስከ 50 ማይክሮሊትር ይደርሳል። ትርፉ ወደ ጉንጭ ይፈስሳል፣ አለዚያም በዓይን ቆብ ጠርዝ፣ በአፍንጫ በኩል ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል፤ የቀረውንም አዲስ የሚመነጨው እንባ በደቂቃዎች ውስጥ ያጥበዋል። በዚህ ምክንያት በዓይን የፊት ክፍል ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ የሚዘልቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 5 እጅ አይሞላም፤ ሁለት ጠብታ ደራርቦ መጨመርም ብክነት እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ይበልጥ ያስገረመኝ የኮርኒያ አሠራር ነው። ይህ የዓይንን ፊት የሚሸፍን ብርሃን አስተላላፊ አካል መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የላይኛው ሽፋኑ እርስ በርስ በጥብቅ የተያያዙ ሕዋሳት ስላሉት በስብ የሚሟሟውን እንጂ በውኃ የሚሟሟውን መድኃኒት በቀላሉ አያሳልፍም፤ ከሥሩ ያለውና የውፍረቱን 90 በመቶ ያህል የያዘው ክፍል ግን በተቃራኒው ውኃማ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጠባይ በመጠኑ ያጣመረ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ፣ በደኅና ይዘልቃል፤ ሌላው ፀረ ባክቴሪያ፣ ውኃ ወዳዱ ጄንታማይሲን ግን ጤነኛው ሽፋን ላይ ይቀራል። ኮርኒያው ሲቆስል ታዲያ አጥሩ ስለሚፈርስ ያው ጄንታማይሲን በቁስሉ በኩል ይገባል፤ ሕመሙ ራሱ ለመድኃኒቱ መንገድ ይጠርጋል ማለት ነው።

የዓይኑን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን፣ ኮንጃንክቲቫ፣ ከኮርኒያ ይልቅ መድኃኒት ያሳልፋል፤ ሆኖም በደም ሥሮች የተሞላ በመሆኑ ከተቀበለው ብዙውን ደም ይወስድበታል። የእኔን የመሰለ የላይ ሕመም ግን ጥልቀት አይፈልግም፤ መድኃኒቱ ተህዋስያኑ ባሉበት በዚያው ገጽ ላይ በብዛት ይገኛልና። ከሌንስ በስተጀርባ ወዳለው ዝልግልግ ክፍል የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ እዚያ ለገባ የባክቴሪያ ሕመም ሐኪሞች በጠብታ ብቻ አይተማመኑም፤ መድኃኒቱን በመርፌ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይሰጣሉ።

ካነበብሁ በኋላ ጠብታውን አንድ ብቻ ጨምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው መንገድ እንዲዘጋ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይኔን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣቴ በቀስታ መጫን ያዝሁ። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ የታዘዘለት ሰው ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን አጥቦ እንዳይወስደው በመካከሉ 5 ደቂቃ ያህል መቆየት ይኖርበታል። ምሬቱ ጨርሶ ባይጠፋም በጣም ቀንሶልኛል።