በፍለጋ ያልተገኘው ደብዳቤ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን የግል ማኅደር ወደ ፒዲኤፍ ካዞረ ወዲህ የሰው ሀብት ባለሙያዎች መዝገብ ቤት መውረዱን ትተዋል። ማኅደሩን በኮምፒውተራቸው ከፍተው ኮንትሮልና ኤፍን ይጫናሉ፣ የሚፈልጉትን ቃል ይጽፋሉ፣ ያገኙትን ያትማሉ። እኔ አይሲቲ ክፍል ስለምሠራ ሥራው መፍጠኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለጉዳይ ደጅ መጥናት ቀርቶለታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንድ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ወደ እኛ የመጡት በ1998 ዓ.ም. ከሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዝውውር ነው፤ የቀድሞ አገልግሎታቸው እንደተያዘላቸው የሚገልጸው የዝውውር ደብዳቤ ካልተገኘ ግን የዚያ ሁሉ ዓመት ሥራቸው ከስሌቱ ይወጣል። ጉዳዩን የያዘው ወጣት ባለሙያ ከመቶ ገጽ በላይ በሆነው ፒዲኤፍ ውስጥ «ዝውውር» ብሎ ፈለገ። አልተገኘም። በስማቸው ፈለገ፤ የወጡት ገጾች ሁሉ የቅርብ ጊዜ ናቸው። «በማኅደርዎ ውስጥ አለመኖሩን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ አርቅቆ ለፊርማ አቀረበ።

ደብዳቤው ሳይፈረም የቆየው በመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ምክንያት ነው። ሰውየውን ኮሪደር ላይ አግኝተው ሲያዝኑ ሰሙና ቀጥታ ወደ ልጁ ጠረጴዛ ሄዱ። «ልጄ፣ ያ ደብዳቤ አለ። በእጄ ነው ያያያዝኩት» አሉት። «እትዬ፣ እኔም ደጋግሜ ፈልጌያለሁ፣ ይኸው ይዩት» ብሎ እኔን አስጠራኝ፤ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ እንደሆነ እንድመለከትለት ነው።

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡና ገጹን አንድ በአንድ ማስገለጥ ጀመሩ። ብዙም ሳንርቅ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ጉዳዩ፦ ዝውውርን ይመለከታል» ይላል፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። እዚያው ገጽ ላይ ሆነን «ዝውውር» ብለን ብንፈልግ ፕሮግራሙ አሁንም አልተገኘም አለ። መስመሩን ቀድቼ ኖትፓድ ላይ ለጠፍኩት። የወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ይስሉ ነበር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ስለሆነ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት እስከ መክፈል ደርሰዋል። በጊዜው ችግር የፈታ ብልሃት ነው፣ ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ጸሐፊዎች ለዓመታት በለመዱት ቀጠሉ። የ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የ2005/06) ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ የወርድ ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ሲዞር ለዓይን «ዝውውር» ሆኖ ቢታይም ፋይሉ የያዘው የላቲን ኮድ ነው። ፍለጋ ደግሞ የሚያመሳክረው ኮድን እንጂ ቅርጽን አይደለም። ጥፋቱ የማሳያው ፕሮግራም አልነበረም፤ «አልተገኘም» ያለውን «የለም» ብሎ መተርጎሙ ላይ ነው፣ ያ ደግሞ የሰው እንጀራ ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ስከታተል ሌላም ነገር ወጣ። በዩኒኮድ በተጻፉት ገጾች ላይ እንኳ ኃይሉ የሚለው ስም አንዱ ጋ ሃይሉ፣ ሌላው ጋ ሀይሉ ሆኖ ተጽፏል፤ ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፣ ለፍለጋው ግን ሦስት። ስካን የተደረጉት ገጾች ጭራሽ ፎቶ ናቸው፤ ጽሑፍ ስለሌላቸው የሚፈለግ ነገር የለም። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን «የተበላሹ» ተብለው ሊሰረዙ ለብቻ የተቀመጡ ፋይሎች ናቸው። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ዝብርቅርቅ ሆነው የሚታዩት ፎንቱ በውስጣቸው ስላልተካተተ ብቻ ነበር። የድሮው ፎንት የተጫነበት የመዝገብ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍታቸው ተነበቡ። ያንን ኮምፒውተር ከሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር አስወጥተነዋል።

አሁን ማኅደር የሚከፈትባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት የፒዲኤፍ ማሳያ አላቸው፣ የማዘመኑም ሥራ የእኔ ክፍል ነው። አንዱ በብሮውዘር ሌላው በሌላ ፕሮግራም ሲከፍት አንዱ ያየውን ሌላው ሳያይ ይቀር ነበር። አዲስ ደብዳቤ በዩኒኮድ ተጽፎ፣ ፎንቱ ተካቶበት፣ ለማኅደር በተዘጋጀው ፒዲኤፍ/ኤ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ሥራው ያላቸው ሰዎች ልብ ቢሉ፦ ፒዲኤፍ/ኤ ፎንት መካተቱን ግድ ይላል፣ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መመለስ መቻሉን የሚያስገድዱት ግን «ዩ» እና «ኤ» የተባሉት ደረጃዎቹ ናቸው። «ቢ» የተባለው ደረጃ ለዓይን እንጂ ለፍለጋ ዋስትና አይሰጥም። ለፎቶዎቹ ቴሴራክት የተባለውን ነፃ የጽሑፍ ማንበቢያ ሞክረናል። አማርኛ ያነባል፤ ደህና በታተመ ገጽ ላይ ይረዳል፣ ማኅተም ባረፈበትና በደበዘዘው ላይ ግን ይስታል። ስለዚህ ስሙን በአንድ አጻጻፍ፣ ቀኑንና የደብዳቤውን ቁጥር የያዘ የኤክሴል መዝገብ ለየማኅደሩ እየተሠራ ነው። «አልተገኘም» የሚል ምላሽ ደግሞ ማኅደሩ ገጽ በገጽ ታይቶ መዝገብ ቤት ሳይፈርምበት አይወጣም።

የጥገና ሠራተኛው ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ በታየው ቁጥርና ቀን ከወጪ መዝገቡ ተመሳክሮ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመደርደሪያው ወጣ። አገልግሎታቸው ተያዘላቸው፤ ወጣቱም ያረቀቀውን ደብዳቤ ቀደደው። እትዬና እሱ አሁን አብረው በሚቀጥሉት ዓመታት ጡረታ የሚወጡትን ማኅደር እያገላበጡ ነው፤ በዝውውር የመጡትን አስቀድመዋል።