ጥሩ ካርታ ሳልጠብቅ መጫወት የጀመርኩባቸው 8 ቅዳሜዎች

ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ በየቅዳሜው ምሽት በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ስምንት ሰዎች ተሰብስበን ፖከር እንጫወታለን። በገንዘብ አይደለም፤ ለእራት ሁላችንም እኩል እናዋጣለን፣ እስከ መጨረሻ የዘለቁት ሁለት ሰዎች ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት መዋጮ ነጻ ይሆናሉ። በየእደላው ለእያንዳንዳችን ሁለት ካርታ በድብቅ ይደርሰናል፤ ካርታው ያልጣመው ይጥላል፣ ማለትም ከዚያ እደላ ይወጣል፤ የጣመው ያስይዛል። ቺፕ ስለሌለን የለስላሳ ቆርኪ እንጠቀማለን፦ ቀዩ 25፣ አረንጓዴው 100፣ ቢጫው 500። የግቢው ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ፈረንሳይኛን የለመዱት በሥራቸው ስለሆነ ንጉሡን «ሯ»፣ ንግሥቲቱን «ዳም»፣ ወጣቱን «ቫሌ» ይላሉ። እኛም ከእርሳቸው ወስደን እንደዚያው እንላለን።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ከስምንት ሰው ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ከዚያም እንደገና ስድስተኛ ሆኜ ወጣሁ። ገዴ ጠፋ ብዬ በእውነት ተማርሬ ነበር። ሙቀቱ ከጨለመም በኋላ አይበርድም፣ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር ይጣበቃል፣ እጄ ላይ የሚመጣው ደግሞ 9 እና 3፣ ቫሌ እና 2፣ 7 እና 4 ነው። ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ካርታ ሲጥል ከቆየ በኋላ አስ፣ ትልቁን ካርታ፣ ሲያይ ልቡ ይዘላል። እኔም አስ እና 3 ይዤ ያለኝን ሁሉ አስይዤ፣ አስ እና ሯ ከያዘ ሰው ጋር ተገናኘሁ። በእንዲህ ያለ ግጥሚያ ደካማውን አስ የያዘው ሰው የሚያሸንፈው ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ያን ምሽት ያስወጣኝ መጥፎ ካርታ ሳይሆን መሰልቸቴ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ግን ቆይቼ ነው።

ከአራተኛው ቅዳሜ ጀምሮ የደረሰኝን ካርታ ሁሉ በትንሽ ደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። እስከ ስምንተኛው ቅዳሜ ድረስ 231 እደላ ጻፍኩ። ጥንድ የመጣልኝ 13 ጊዜ ነው። ሁለት አስ፣ ሁለት ሯ፣ ሁለት ዳም ወይም አስ ከሯ ጋር የመጣልኝ 5 ጊዜ ነው። ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁ። ከ52 ካርታ 1,326 ዓይነት ሁለት ሁለት ካርታ ይወጣል። ከእነዚህ መካከል ጥንድ የሆነው ከ17 አንዱ ነው፤ ሁለት አስ የሚመጣው ከ221 አንዴ ነው፤ ከላይ የጠራኋቸው አራቱ ምርጥ ካርታዎች በአንድነት ተደምረው ከ39 አንዴ ይመጣሉ። ስለዚህ 231 እደላ ላይ 13 ጥንድ እና 5 ምርጥ ካርታ ማየት የሚጠበቅ ነገር ነው። ዕድሌ እንደማንኛውም ሰው ዕድል ነበር።

ትናንሽ ውድድሮችን ከባድ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜው አጭር ነው። የምንበውዘውም የምናድለውም ራሳችን ስለሆንን በሰዓት ከ25 እደላ አናልፍም። አንድ ሰው በአንድ ምሽት 50 ጊዜ ካርታ ቢደርሰው፣ ከአራት ምሽቶች በአንዱ ገደማ ከእነዚያ ምርጦች አንዱንም ሳያይ ወደ ቤቱ ይገባል። ታዲያ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መታገሥን ብቸኛ ስልቱ ያደረገ ሰው፣ ገና ከመቀመጡ በፊት ሩቡን ምሽት አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው።

እያንዳንዳችን በ3,000 እንጀምራለን፤ የመጀመሪያው ብላይንድ 25 እና 50 ነው፤ በየ15 ደቂቃው ከፍ ይላል። ብላይንድ ማለት ካርታ ሳይታይ ሁለት ሰዎች በየእደላው በተራ የሚከፍሉት አስገዳጅ መያዣ ነው፤ አንዱ ትንሹን፣ ሌላው ትልቁን። አንድ ዙር፣ ማለትም ስምንት እደላ፣ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም አንዳንዴ ከፍሏል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሙሉ አንድም ጊዜ ሳልጫወት ካርታ ብጥል፣ ከሦስት ዙር በኋላ የሚቀረኝ 2,500 ገደማ ነው። ሲያዩት የሚያሳስብ አይደለም፤ የቆርኪው ክምር የተነካ አይመስልም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ብላይንዱ 150 እና 300 ደርሷል። ስጀምር የትልቁ ብላይንድ 60 እጥፍ ነበረኝ፣ አሁን 8 እጥፍ ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ዙር 450 ይወስድብኛል፤ ከአምስት ዙር ትንሽ ብልጫ ያለው ዕድሜ ቀረኝ ማለት ነው። ባክጋመን በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ሊቅ የነበረው ፖል ማግሪኤል ይህንኑ ስሌት፣ ማለትም ያለህን በአንድ ዙር ወጪ ማካፈልን፣ ለፖከር ስላስተዋወቀ ተጫዋቾች በስሙ «ኤም» ይሉታል። እኔ ቆርኪዬን መቁጠር ትቼ ዙሬን መቁጠር የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የጃክ ስትራውስን ታሪክ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 በላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድር ላይ አንዲት የ500 ዶላር ቺፕ ብቻ ቀርታው ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ። ድንቅ ታሪክ ነው። እንደ እኔ ላለ ጀማሪ ግን ጎጂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እስከ መጨረሻዋ ቆርኪ መጠበቅን ያሳምራልና። አንዲት ቺፕ ይዞ የሚገፋን፣ ማለትም ያለውን ሁሉ የሚያስይዝን፣ ሰው ማን ፈርቶ ካርታውን ይጥላል? ስምንት እጥፍ ይዞ የሚገፋን ሰው ግን ይፈሩታል።

ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ ይህን በዓይኔ አየሁ። አንድ ሰዓት አልፏል፣ ብላይንዱ 150 እና 300፣ የእኔ 2,450። ሁሉም ጥለው ተራው ወደ እኔ መጣ፤ አዳዩ እኔ ነኝ፣ ከኋላዬ የቀሩት ሁለቱ ብላይንድ ከፋዮች ብቻ ናቸው። ካርታዬ ቫሌ እና 8፣ ሁለቱም ቀይ ልብ። ከዚህ በፊት ሳላመነታ የምጥለው ካርታ ነው። ቆርኪውን በሁለት እጄ ሰብስቤ ወደ መሃል ገፋሁት፤ ጠረጴዛው ቆርቆሮ ስለሆነ ተንኳኳ። ትንሹን ብላይንድ የከፈለው ልጅ ወዲያው ጣለ። ጋሼ ግን ካርታቸውን ሁለት ጊዜ አዩት፣ አንዲት ቢጫ ቆርኪ በጣታቸው አዟዟሩ፣ ቀና ብለው አዩኝና «ይህ ልጅ ሰዓቱን ሙሉ ሲጥል ነው ያመሸው፤ ዛሬ ባዶውን አይመጣም» ብለው አስ እና 6 ገልጠው ጣሉ። 450 አገኘሁ። አንድ ሙሉ ዙር ዕድሜ ገዛሁ ማለት ነው።

ያን ምሽት በጣም ያስደሰተኝ 450ው አልነበረም። ያ ሁሉ የጣልኩት መጥፎ ካርታ ለካ እምነት ሲያከማችልኝ ነበር። ሰዎች ስጥል አይተውኛል፤ ስለዚህ ስገፋ ያምኑኛል። ይህ እምነት ያለው ሰው ካልተጠቀመበት ከቆርኪው ጋር አብሮ ያልቃል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ሯ እና ቫሌ ይዤ ገፋሁ፣ ሁለት 10 የያዘ ሰው እኩል አስይዞ ተቀበለኝ፣ አራተኛ ሆኜ ወጣሁ። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ዕድል ነበረኝ፤ ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ብላይንዱ ገና ትንሽ ሳለ ሌላ ዘዴ ይሠራል። 100 እና 200 ላይ ሁሉም ጥለው ሲደርሰኝ 450 አስይዛለሁ፤ ማግኘት የምፈልገው መሃል ያለውን 300 ነው። ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ከጣሉልኝ አልከስርም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ትርፍ ነው። ይህን የማደርገው መጣል በሚወዱ ሰዎች ላይ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀበል ሰው ላይ ካርታ ሳይኖር መሞከር ቆርኪ መበተን ነው።

መጣል የሚወደውን ሰው ለማወቅ ግን ማየት ያስፈልጋል። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህች ትንሽ ልማድ ነው፦ ተራዬ እስኪደርስ ካርታዬን አላነሣም። የሌሎቹን እጅ አያለሁ። አንደኛው ሊጥል ሲል ካርታውን ቀድሞ በአውራ ጣቱ ጫፍ ይይዛል። ሌላዋ ጥሩ ካርታ ሲደርሳት ውኃዋን ታስቀምጣለች። መጥፎ ካርታ በተከታታይ ሲመጣ የሚያስጨንቀው ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ነበር፤ አሁን ሥራ አለኝ፣ ሰዓቱም አይረዝምም።

ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ ሦስተኛ ሆንኩ፤ ምሽቱን ሙሉ የደረሰኝ ትልቁ ካርታ ሁለት 8 ነበር። አሁንም ያልገባኝ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ሲገፋ የቱን ልቀበል፣ የቱን ልጣል የሚለው ነው። ለዚያ በደብተሩ ላይ አዲስ ዓምድ ከፍቻለሁ፦ ማን ገፋ፣ ስንት እጥፍ ይዞ፣ እኔ ምን ያዝኩ፣ እርሱ ምን ገለጠ። እስካሁን ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል፤ አንደኛው የጋሼ ነው።