ሃያ አምስት፣ ሃያ አንድ፦ ቀስ ብዬ ያየሁት የኮሪያ ድራማ

በሳምንት ሁለት ክፍል፤ ከዚያ በላይ የለም። «ሃያ አምስት፣ ሃያ አንድ»ን ያየሁት በዚህ ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣችው አስራ አንደኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ ናት። ድራማው በኮሪያው ቲቪኤን ጣቢያ የተላለፈው ከየካቲት 5 እስከ መጋቢት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ አንድ፣ በድምሩ 16 ክፍል። «አክስቴ፣ እነሱ ሁለት ወር የጠበቁትን አንቺ በአንድ ሌሊት ልትውጪው ነው እንዴ?» አለችኝ። ልጅ ናት እንጂ ነገር ታውቃለች።

የኮሪያ ድራማ ጸሐፊዎች የእሑዱን ክፍል ሲጨርሱ አንድ ነገር አንጠልጥለው ይተዋሉ። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ይከርማል። አከታትሎ የሚያይ ሰው ግን የተንጠለጠለው ነገር ወዲያው ይፈታለትና ሳያጣጥመው ያልፋል። እኛ ረቡዕ ማታ እየተደዋወልን «ግን ለምን እንደዚያ አለችው?» እንባባል ነበር። ከድራማው ጣዕም ግማሹን ያገኘሁት እዚያ ስልክ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው የድምፅ ጉዳይ ነው። በአማርኛ እየተተረከ የሚቀርበውን ትርጉም ፊልም አልጠላም። ሽንኩርት እየከተፉ ለማየት እሱን የሚያህል የለም። ለዚህ ድራማ ግን አይሆንም። ዋናዋ ተዋናይ ኪም ቴሪ ግማሹን ሥራ የምትሠራው በድምፅዋ ነው። ትጮኻለች፣ ትንጫጫለች፣ ሲከፋት ድምፅዋ ይሰበራል። ድራማው ሲተላለፍ 31 ዓመቷ ነበር፤ የምትጫወተው ደግሞ የ18 ዓመት ተማሪ ሆና ነው። በአራት ዓመት የሚበልጣትን ወጣት የሚጫወተው ናም ጁህዮክ በእውነተኛ ዕድሜው በአራት ዓመት ገደማ ያንሳታል። ከጨረስን በኋላ ነው ይህን ያወቅነው፣ ሁለታችንም አላመንንም። በዚያው ዓመት ለዚህ ሥራዋ በኮሪያው ቤክሳንግ ሽልማት የቴሌቪዥን ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። ሲያንሳት ነው። ስለዚህ ኦሪጅናሉን ድምፅ እየሰማን፣ ከታች ሰብታይትል እያነበብን አየነው። ሰብታይትል ሌላም ጥቅም አለው። ዓይን ከስክሪኑ ስለማይነሳ ስልክ መነካካት የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ያላያችሁት ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ መጨረሻውን እናገራለሁ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነው፤ በእኛ 1990 መሆኑ ነው። ሂዶ የምትባል ተማሪ (ኪም ቴሪ ናት) ፌንሲንግ የሚሉትን የጎራዴ ስፖርት ትወዳለች። አንድ ቀን የትምህርት ቤቷ ቡድን ይበተናል። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ልትለምን ስትሄድ የምታገኘው መልስ፣ ሕልምሽን የቀማሽ ዘመኑ ነው የሚል ነው። የድራማ ንግግር ይመስላል። እኔ ግን ዘመኑ ምን ሆኖ ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ድራማውን የወደድኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ኮሪያ የውጭ ምንዛሪዋ ተሟጦ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን የብድር ስምምነት ፈረመች። ትልልቅ ኩባንያዎች ወደቁ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪዎች ከሥራ ተባረሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ሕዝቡ ወርቁን ይዞ ወጣ። የጋብቻ ቀለበት፣ ለልጅ የመጀመሪያ ልደት የተሰጠች ትንሽ ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፣ ያለውን ሁሉ። 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተሳትፎ 227 ቶን ገደማ ወርቅ ተሰበሰበ። ብድሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ተከፍሎ አለቀ። ሂዶ በጎራዴ ስትፋለም ከበስተጀርባ ያለው አገር ይህ ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ እያንዳንዱ አስቂኝ ትዕይንት ሌላ መልክ ይይዛል። ሂዶና ዪጂን (ናም ጁህዮክ የሚጫወተው ወጣት) የሚተዋወቁት በጠብ ነው። እሱ ጋዜጣ አዳይ ነው። የወረወረው ጋዜጣ ግቢያቸው ያለ ሐውልት ላይ አርፎ ይሰብረዋል። እንስቃለን። ነገር ግን ዪጂን የሀብታም ልጅ ነበር። የአባቱ ድርጅት ከስሮ ቤተሰቡ ተበትኗል፣ እሱ ጠዋት ጋዜጣ እያደለ፣ ቀን የካርቱን መጽሐፍ ማከራያ ውስጥ ይሠራል። (በዚያ ዘመን እኛም ሰፈር መጽሐፍ ማከራያና ቪዲዮ ቤት ስለነበር ሱቁን ሳየው ናፍቆት አንጀቴን በላው።) በአባቱ ምክንያት ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች መጥተው ያፋጥጡታል። ምን ብሎ ይመልስላቸው? ከእንግዲህ ለአንድ አፍታ እንኳ ደስተኛ አልሆንም ብሎ ቃል ይገባላቸዋል። ገና 22 ዓመቱ ነው።

ሂዶ ይህን ሰምታ አትመክረውም። ማታ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ረድፍ ይዘው የተተከሉትን የውኃ ቧንቧዎች ሁለቱ ሆነው አፋቸውን ወደ ላይ አዙረው ይከፍቷቸዋል። ውኃው ወደ ሰማይ ይፈናጠራል፣ እነሱ በስብሰው ይስቃሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ ታቀርብለታለች። ሁለታችን ስንገናኝ ብቻ፣ ለእነዚያ ሰዎች ሳንናገር፣ ለትንሽ ጊዜ ደስ ይበለን። መሳሳም የለ፣ መተቃቀፍ የለ። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ንግግር በብዙ ድራማ አልሰማሁም። የእህቴ ልጅ «ሮማንቲክ!» ብላ ትራሱን አቀፈች። እኔን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያሳሰበኝ የልጁ ዕዳ ነበር። አብሮ የማየት ጥቅሙ ይህ ነው፤ እሷ ፊታቸውን ትከታተላለች፣ እኔ ኪሳቸውን።

ከዚያ በኋላ ኪስ ኪሱን እያየሁ ቀጠልኩ። ያዋጣል። የሂዶ ተቀናቃኝ ዩሪም፣ ቦና የምትጫወታት ማለት ነው፣ የወርቅ ሜዳሊያ ያላት ኮከብ ናት። መጀመሪያ ላይ ኩራተኛ ትመስላለች፣ የእህቴ ልጅም አምርራ ጠልታት ነበር። የቤተሰቧ ድህነት ሲገለጥ ግን ኩራቷ የመጨረሻ ንብረቷ እንደሆነ ይገባናል። በኋላ አባቷ የመኪና አደጋ አድርሶ ዕዳ ውስጥ ሲገቡ የሩሲያን ዜግነት ተቀብላ ለሌላ አገር ትወዳደራለች። አገሯ ከሃዲ ይላታል። እኛ ቤት ያን ቀን ሻይ ቀዘቀዘ።

አንድ ተግባራዊ ምክር ልስጥ። ስለ ስፖርቱ አሥር ደቂቃ ዩቲዩብ ላይ ተመልከቱ። የሚጫወቱት ሳብር የሚባለውን ዓይነት ነው። ነጥብ የሚያዘው ከወገብ በላይ ያለውን አካል በመንካት ነው። ሁለቱም ተጋጣሚዎች እኩል ቢነካኩና ንክኪ ሲኖር የሚበራው መብራት ለሁለቱም ቢበራ ዳኛው ነጥቡን የሚሰጠው ማጥቃቱን ቀድሞ ለጀመረው ነው። ማን ቀደመ የሚለው የዳኛው ፍርድ ነው። በእስያ ጨዋታዎች የፍጻሜ ውድድር ሂዶና ዩሪም የሚጣሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉን የማያውቅ ሰው የዩሪምን ለቅሶ ቅናት ብቻ አድርጎ ያየዋል። የሚያውቅ ሰው ግን ሁለቱም እውነት እንዳላቸው ያያል።

እናትየዋንም አትለፏት። የሂዶ እናት የታወቀች ዜና አንባቢ ናት። ባሏ ሲቀበር እንኳ ሥራ ላይ ስለነበረች አልተገኘችም። ሂዶ ያደገችው የማይመጣ ሰው እየጠበቀች ነው። ዪጂን በኋላ ጋዜጠኛ ይሆንና ከመስከረም 1ዱ የኒውዮርክ ጥቃት በኋላ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ሂዶ እንደገና መጠበቅ ትጀምራለች። ብዙ ተመልካች መለያየታቸው ዱብ ዕዳ ሆኖበት ተናድዷል። እናቷን ሲከታተል የነበረ ሰው ግን ነገሩ ከሩቅ ሲመጣ ይታየዋል።

እንዲያውም ምልክቱ ገና ከክፍል 1 ተቀምጧል። ታሪኩን የምናገኘው የሂዶ ሴት ልጅ የእናቷን ማስታወሻ ደብተር ስታነብ ነው። የልጅቷ ስም ኪም ሚንቼ ነው። ኮሪያ ውስጥ የቤተሰብ ስም ከአባት ይወረሳል፣ የሚጻፈውም ከፊት ነው። ዪጂን ደግሞ ቤክ ነው። አንድ ኮሪያዊ ተመልካች ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። እኛ የአባታችንን ስም ከኋላ የምናስከትል ሰዎች «ኪም»ን የልጅቷ መጠሪያ አድርገን እናልፈዋለን። የእህቴ ልጅ ግን ነቅታበት ነበር፤ እስከ መጨረሻው «ይቀይሩታል» ብላ ተስፋ አደረገች እንጂ።

ቅሬታም አለኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ተጣድፈዋል። አሥራ አራት ክፍል ሙሉ በትዕግሥት የተገነባ ፍቅር በጥቂት ትዕይንቶች ፈረሰ። መለያየታቸውን እቀበላለሁ፣ ጥድፊያው ነው የደበረኝ። የዕድሜያቸውም ነገር አለ። እሷ 18 ተማሪ፣ እሱ 22 ሠራተኛ ሆነው ሲጀምሩ ቅር ብሎኛል። ከታዳጊ ልጅ ጋር ሆኜ ስለማይ ዝም ብዬ አላለፍኩትም፣ አቁመን አወራንበት። እሷ «ጓደኞች ናቸው እኮ ገና» አለች። እኔ ደግሞ «እሱ ሰውዬ ነው» አልኩ። አልተስማማንም።

ሁለታችንም የተስማማንባት ሰንግዋን ናት። የክፍል አለቃ ናት፣ ጎበዝ ተማሪ። አስተማሪ ጓደኛዋን ሲደበድብ አይታ ለፖሊስ ታመለክታለች፤ ይቅርታ ጠይቂ ስትባል ትምህርቷን ጥላ ትወጣለች። እናቷም አብራት ትቆማለች። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አየነው፤ ሁለተኛውን ጊዜ እህቴንም ጠርተን።

የእህቴ ልጅ ግን እስካሁን አንድ ጥያቄ አልለቀቃትም። «ይሄ ኪም የሚባለው ሰውዬ ማነው?» የሂዶ ባል ማን እንደሆነ ድራማው አይነግረንም። ቀጣዩን ድራማ የመረጠችውም በዚሁ ንዴት ነው፤ «ሪፕላይ 1988»ን። እሱ 20 ክፍል ነው፣ አንዳንዱ ክፍልም ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል። በሳምንት ሁለት እያልን መቼ እንደምንጨርሰው እንጃ። «ይሁን፣ እዚያ ቢያንስ ባልየው ማን እንደሆነ ይነገራል» አለችኝ።