ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ሳላነብ

በ2011 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ዲግሪ ልጀምር ስነሣ አንድ ሰው ብቻ "የኮሌጁ ፈቃድ የየትኛው ካምፓስ ነው?" ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሁለት ዓመትና ብዙ ሺህ ብር ይተርፈኝ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ይኸው እናንተ እንድትጠይቁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ትንሽ ደግሞ ንዴቴም ስላልበረደ ነው።

ምሥራቅ ጎጃም፣ ሉማሜ ነው የምኖረው። በአካውንቲንግ ሌቭል አራት ጨርሼ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፌ፣ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳበሪያ ሲገባ፣ ጤፍ ሲወጣ እመዘግባለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ግን የዕድገት ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር የመጀመሪያው መስመር "የመጀመሪያ ዲግሪ" ይላል። ከእኔ በኋላ የገቡ ልጆች አለቃዬ ሆኑ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ ልማር ወሰንኩ።

ምርጫዬ በግማሽ ቀን አለቀ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሳምንት መጨረሻ ትምህርት እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን "የመንግሥት ነው፣ አይቀበሉኝም፣ ቢቀበሉኝም ውድ ነው" ብዬ በሩን እንኳ አልረገጥኩም። ይኼ የመጀመሪያው ቂልነቴ ነው። ከግል ኮሌጆቹ አንዱ በወር 650 ብር አለኝ፣ ሌላው 480። ባለ 480ው ዓመቱን በአንዴ ለከፈለ አሥር በመቶ ይቀንሳል። አባቴ ጊደር ሸጡና 5,184 ብር ቆጥሬ ከፈልኩ። የትምህርት ማስረጃ፣ ፎቶ፣ ፎርም፣ ምዝገባ 300 ብር፤ በአንድ ጠዋት አለቀ።

ፍጹም ሞኝ ነበርኩ ማለት ግን አይደለም። ከመክፈሌ በፊት ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። አንደኛ፣ ሬጅስትራሩ ክፍል ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለ የዕውቅና ፈቃድ ነበረና በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ "አካውንቲንግ" ይላል። በቃኝ። ሁለተኛ፣ ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ቢሮ ሄጄ "እነዚህ ሰዎች ሕጋዊ ናቸው?" ብዬ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ "ሕጋዊ ናቸው፣ ፈቃድ የሰጠናቸው እኛው ነን" አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ይኼ ነው የሚያበሽቀኝ። መምህራኑ አብዛኞቹ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ ናቸው፣ ኮስት አካውንቲንግ ያስተማረን ሰው እስከዛሬ ከማውቃቸው መምህራን ሁሉ ይበልጥብኛል። ክፍላችን ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በላይ ያለ ፎቅ ላይ ነው፤ ሱቁ ዘፈን ሲከፍት ትምህርቱ ይቆማል። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ሁሉም ነገር ተዘጋ። የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ አስቀድሜ ከፍዬ ስለነበር ሲከፈት ተመልሼ ገባሁ።

ነገሩ የፈነዳው ታኅሣሥ 2013 ነው። አብራኝ የምትሠራ የሥራ ባልደረባዬ ያጎቷ ልጅ ከዚያው ኮሌጅ ተመርቃ ሥራ ይዛ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ማስረጃዋን ለማጣራት ላከ። የመጣው መልስ "ተቋሙ በዚህ ካምፓስ በዚህ መስክ ዕውቅና የለውም" የሚል ነው። ልጅቷ ከሥራ ተሰናበተች። ይህን በሰማሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፎቶውን ከስልኬ አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አነበብኩት።

"አዲስ አበባ ካምፓስ" ይላል።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እኮ። ማኅተሙ የደበዘዘ ደረሰኝ ሲመጣልኝ የማልቀበል፣ የአንዲት ሳንቲም ልዩነት ፍለጋ እስከ ምሽት የምቆይ ሰው። የራሴን ሕይወት የሚመለከት አንድ ገጽ ወረቀት ግን ሁለተኛ መስመሩ ላይ ሳልደርስ ነው ያጠፍኩት።

በማግሥቱ ዲኑ ጋ ገባሁ። ሰውዬው አልደነገጠም። "ዋናው ካምፓስ ፈቃድ ካለው ቅርንጫፉም አለው ማለት ነው፣ ጥያቄያችን ሂደት ላይ ነው፣ ስትመረቅ ያልቃል" አለኝ። ሂደት ላይ ነው! ይህን ቃል የሚላችሁ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ከወንበሩ ተነሡ። ፈቃድ ወይ አለ ወይ የለም። በሂደት ላይ ባለ ፈቃድ ተምሮ የተገኘ ዲግሪ ማንም አያረጋግጥላችሁም።

ከዚያ ወደዚያ ቢሮ ተመለስኩ። ያው ሰውዬ፣ ያው ስልክ። "ሕጋዊ ናቸው ብለውኝ ነበር" አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እኔ የነገርኩህ ስለ ሌቭሉ ነው። ስለ ዲግሪው መቼ ጠየቅኸኝ?"

እውነቱን ነው፣ አልጠየቅሁትም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናውን፣ ሌቭል የምንለውን፣ የሚፈቅደው ክልሉ ነው። የዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያኔ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል ነበር፣ አሁን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆኗል። ኮሌጁ ማርቆስ ላይ ለሌቭል ሥልጠና የክልል ፈቃድ አለው። ያችን ፈቃድ ይዞ ዲግሪ ይሸጣል። ሰውዬው አልዋሸኝም። ግን አንድ ጎረምሳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ "ዲግሪ ልማር ነው" እያለ ሲመጣ "ስለ ሌቭሉ ከሆነ አዎ፣ ዲግሪውን አዲስ አበባ ጠይቅ" ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እስከዛሬ መንገድ ላይ ሳየው ሰላም አልለውም።

አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጣሁ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። መርካቶ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን አደርኩና ጠዋት ኤጀንሲው ደረስኩ። ያስተናገደችኝ ሴትዮ ፎቶዬን አየችና ስልኩን ወደ እኔ መልሳ "እስኪ አንተ አንብብልኝ" አለችኝ። አነበብኩ። "ካምፓሱን ድገመው" አለች። ደገምኩት። ከዚያ ኮምፒውተሯን አየችና ማርቆስ ላይ ያ ኮሌጅ ለዲግሪ አንድም የተፈቀደ መስክ እንደሌለው ነገረችኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። መልሱ በስልክ ይገኝ እንደነበር ደግሞ ቆይቼ ነው ያወቅሁት።

ስመለስ አባቴን መጋፈጥ ነበረብኝ። በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ከርመዋል። ሁሉንም ጸጥ ብለው ሰሙና "እኛ ቁራሽ ለምነን ስንማር እንኳ፣ መምህሩ ከማን እንደተማሩ ሳንጠይቅ ጎጆ አንቀልስም ነበር" አሉ። ጊደሯን አላነሡም። ቢያነሡት ይሻለኝ ነበር።

ገንዘቡን ለማስመለስ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። "ቅሬታ ካላችሁ በቅድሚያ ለተቋሙ በጽሑፍ አቅርቡ" ይባላል። እኔ አልስማማም። በቅድሚያ ደረሰኛችሁን ሁሉ ሰብስባችሁ ኮፒ አድርጉ፣ ግሬድ ሪፖርታችሁንም ማኅተም አስመትታችሁ ውሰዱ፣ ከዚያ ነው ቅሬታ። እኔ ተቃራኒውን አድርጌ ፋይሌ "ጠፋ"። በመጨረሻ 4 ሺህ ብር መለሱልኝ። ሌላው ቀለጠ። ሁለት ዓመት የተማርኩትንም የትኛውም ኮሌጅ አልቆጠረልኝም፤ ዕውቅና ከሌለው ቦታ የመጣ ኮርስ ባዶ ነው። ከአንደኛ ዓመት ጀመርኩ።

ሁለተኛው ኮሌጅ በወር 750 ብር ነበር። በዚህ ጊዜ ፖሊስ ሌባን እንደሚመረምር ነው የመረመርኳቸው። ከደብዳቤው ላይ የተቋሙን ስም፣ የካምፓሱን ስም፣ የትምህርት መስኩን፣ ደረጃውን፣ መደበኛ ይሁን ርቀት፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ለየብቻ አነበብኩ። ርቀት ትምህርት የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ በመደበኛው አይሸፈንም። ኦሪጅናሉን አሳዩኝ አልኩ። ሬጅስትራሯ ተናደደች። ይናደዱ። ከዚያም አዲስ አበባ ደውዬ ያንኑ አረጋገጥኩ። ዓመቱን በአንዴ እንድከፍል ቅናሽ ሲያቀርቡልኝ "በወር በወር" አልኩ። ቅናሽ ማለት ገንዘባችሁ ከእናንተ በፊት ታሰረ ማለት ነው፤ እኔ ባለ 650ውን ንቄ በርካሹ የገባሁት ለዚያች ቅናሽ ብዬ ነበር።

ፈቃድ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ሃምሳ ካላመጣ ዲግሪ የለውም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ባነሩን ተዉትና በምትፈልጉት መስክ ባለፈው ዙር ስንት አስፈትነው ስንት እንዳሳለፉ ጠይቁ። የማይነግሯችሁ ከሆነ መልሱን ነግረዋችኋል። ደጃፋቸው ላይ ቆማችሁ ተማሪ አናግሩ፤ ስለ ማስተማሩ ከማስታወቂያ ይልቅ በሻይ ቤት ብዙ ይሰማል።

እኔ ራሴ ሰኔ 2016 ላይ 44 አምጥቼ ወደቅሁ። ኔትወርክ በጠፋበት፣ መንገድ በተዘጋ በተከፈተ ቁጥር ክፍል በሚዘለልበት ዓመት ነበር፤ ግን ሰበብ አላበዛም፣ ኦዲትንና ታክስን ሳላጠና ነው የገባሁት። ስድስት ወር ከሥራ መልስ አጠናሁና በ2017 አጋማሽ 57 አመጣሁ። በሰባተኛ ዓመቴ ተመረቅሁ ማለት ነው። ቴምፖራሪዬ፣ ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬ፣ አባቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከግብር ደረሰኞቻቸው ጋር ነው ያለው። መሥሪያ ቤቴ ሲልከው ተረጋግጦ መጣ። ያን ቀን ሉማሜ ላይ ለማውቀውም ለማላውቀውም ቡና ጋብዣለሁ።

አንድ ነገር ደግሜ ልናገር፦ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያችሁ ካለ መጀመሪያ እዚያ ሂዱና የሳምንት መጨረሻውን ዋጋ ጠይቁ። ከተመረቅሁ በኋላ ነው የጠየቅሁት። የገመትኩትን ያህል ውድ አይደለም። ስንቱን ነገር በግምት እንደምንተው!

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እኅቴ ከፍኖተ ሰላም ደወለች። ነርሲንግ መማር ትፈልጋለች፣ ኮሌጅ አግኝታለች፣ ምዝገባው ነገ ያበቃል።

"ፈቃዱን ፎቶ አንሥቼ ልላክልህ?" አለች።

"አትላኪልኝ። እዚያው ቆመሽ አንብቢልኝ።"

"ሰው እያየኝ?"

"ሰው እያየሽ።"

ማንበብ ጀመረች። የተቋሙ ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ። ከዚያ ድምፅዋ ቆመ።

"ካምፓስ… ባሕር ዳር ይላል።"

"ሌላኛው ኮሌጅ የት ነው ያልሽኝ?"

"መናኸሪያው ጋ።"

"በይ ሂጂ፣ ሳይዘጋ።"