ኤርምያስ 29:11ን ከቁጥር 8 ጀምሮ ማንበብ

«የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ቃል በየሠርጉ ካርድና በየቴሌግራሙ ይዞራል። ቃሉ እውነት ነው፤ ለማንና መቼ እንደተነገረ ግን ከቁጥር 8 ጀምራችሁ አንብቡ። ቃሉ ያለበት ደብዳቤ ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ሲሆን ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ አገራቸውን ዳግም አያዩም። ለዚህም ነው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ የተባሉት።

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ በካህናትና በሕዝቡ ሁሉ ፊት «በ2 ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ ይመለሳሉ» አለ። «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ማለቱ ከኤርምያስ አነጋገር በምንም አይለይም፤ የሚያስፈራው ይህ ነው። ኤርምያስ መጀመሪያ «አሜን፣ እንዲሁ ያድርግ» አለ፤ ቀጥሎ የሰላም ትንቢት የሚታወቀው ሲፈጸም መሆኑን ተናገረ። ኤርምያስ ለባቢሎን የመገዛት ምልክት አድርጎ የተሸከመውን ቀንበር ሐናንያ ከአንገቱ ወስዶ ሲሰብርበት እንኳ አልተከራከረም፤ መንገዱን ሄደ። የመለሰለት የእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላ ነው።

ዛሬም «ጌታ እንዲህ ብሎሃል» ስትባሉ አትቸኩሉ። የተባለውን ከነቀኑ ጻፉት። የተጠቀሰውን ጥቅስ ሙሉ ምዕራፍ አንብቡ፤ ብዙው ስሕተት እዚህ ላይ ይገለጣል። ለንስሐ አባታችሁ ወይም በእምነት ለበሰለ ሰው አሳዩት። «ገንዘብ ላክ» ወይም «ለማንም አትንገር» ከተጨመረበት እዚያው ተዉት። መፈጸሙም ብቻውን አይበቃም፦ ዘዳግም 13 ምልክቱ ቢደርስ እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራውን አትስማ ይላል።