ድምፅን በአይን ማየት፦ በእጄ የሰራሁት ስፔክትረም አናላይዘር

ሙዚቃ ሲከፈት ከፍ ዝቅ የሚሉ ባለቀለም ባሮች ያሉት ዲስፕሌይ ሁሌም ይማርከኛል፣ ግን አፕ ላይ ያለውን ሳይሆን ከማይኩ ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ መብራት ድረስ ራሴ የሰራሁትን ነበር የምፈልገው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ስፔክትረም አናላይዘር ይባላል፣ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ከፋፍሎ እያንዳንዱ ምን ያህል እንዳለ በባር ያሳያል። እንዴት እንደሚሰራ ልጻፍላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ብዙ ሰው ቶሎ ዘሎት የሚያልፈውን ክፍል።

ዕቃው ብዙ አይደለም፣ አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር)፣ አይኤንኤምፒ441 የሚባለው ዲጂታል ማይክ፣ 32 በ8 የሆነ የደብሊውኤስ2812ቢ ኤልኢዲ ማትሪክስ (በረድፍ የተደረደሩ ባለቀለም መብራቶች) እና 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ በቃ። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ያለው ሰው በሱም መጀመር ይችላል፣ ግን ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ አናሎግ ንባቡም ሴቲንጉ ካልተነካ በሰከንድ 9600 አካባቢ ነው፣ በትክክል የሚታየው ደግሞ የዚህ ግማሽ ድረስ ብቻ ስለሆነ ከ4800 ሄርዝ (በሰከንድ 4800 ንዝረት) በላይ ያለውን በትክክል አያይም፣ እንደውም ከዛ በላይ ያለው ድምፅ ካልተጣራ ታች ወርዶ ያልነበረ ድምፅ ሆኖ ይታያል። ኮድ መጻፍ የማይፈልግ ደሞ ኤምኤስጂኢኪው7 የምትባል ቺፕ አለችለት፣ ድምፁን ከ63 ሄርዝ እስከ 16 ኪሎሄርዝ 7 ቦታ ከፍላ ትሰጣለች።

ፓወር ላይ አትቀልዱ። አንዷ ኤልኢዲ ሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊአምፒር ትስባለች፣ ማትሪክሱ ላይ 256 ናቸው፣ ሁሉም ቢበሩ 15 አምፒር ይደርሳል! ስለዚህ ብራይትነሱን ኮድ ውስጥ ገድቡት፣ 5 ቮልቱን በማትሪክሱ በሁለቱም ጫፍ አስገቡት፣ የዳታ መስመሩን ደሞ ከ3.3 ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ ሌቭል ሺፍተር አድርጉለት፣ አለበለዚያ መብራቶቹ እንደፈለጉ ብልጭ ድርግም ሊሉ ይችላሉ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማይኩ የሚሰጠን በሰከንድ 44100 ቁጥር ነው፣ ከዛ ቁጥር ውስጥ የትኛው ፍሪኩዌንሲ (የንዝረት ፍጥነት) ምን ያህል እንዳለ የሚያወጣልን ኤፍኤፍቲ የሚባል የሒሳብ ዘዴ ነው። 1024 ሳምፕል (ማለትም ከነዚህ ቁጥሮች 1024ቱን) ወስደን በቀጥታ መንገድ ብናሰላው ወደ ሚሊዮን የሚጠጋ ማባዛት ይፈልጋል፣ ኤፍኤፍቲ ግን ስራውን ግማሽ በግማሽ እየከፈለ ወደ 10 ሺህ አካባቢ ያወርደዋል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩሊ እና ቱኪ በ1965 ያሳተሙት ዘዴ ነው፣ የሚገርመው የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በ1805 አካባቢ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፣ በህይወት እያለ ግን አላሳተመውም። ዛሬ ላይብረሪ አውርደን በአንድ መስመር እንጠራዋለን።

እና ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ ውጤቱን በቀጥታ ባር ላይ ያወጡታል፣ ለኔ ግን እውነተኛው ስራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ኤፍኤፍቲ የሚቆጥረው ጆሯችን በሚሰማበት መንገድ አይደለም። እስቲ አስቡት፣ ከ0 እስከ 22050 ሄርዝ ያለውን ለ32 ባር እኩል ብናካፍለው አንዱ ባር 689 ሄርዝ ይይዛል። ቤዙ፣ የከበሮው ምት፣ የዘፋኙ ድምፅ መነሻ፣ በሙሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያዋ ባር ላይ ይታጨቃል፣ ቀኝ ግማሹ ደሞ ከ11 ኪሎሄርዝ በላይ ላለው ተይዞ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ነው። ጆሮ የሚሰማው በእጥፍ ነው፣ ከ100 ወደ 200 መሄድ እና ከ5000 ወደ 10000 መሄድ ለሱ እኩል እርምጃ ነው። ስለዚህ እኔ ከ40 ሄርዝ እስከ 16 ኪሎሄርዝ ያለውን እያንዳንዱ ባር ከበፊቱ 1.2 እጥፍ እንዲሆን አድርጌ ከፈልኩት፣ ዲስፕሌዩ ነፍስ የዘራው ያኔ ነው።

ታች ያለው ቤዝ ግን ሌላ ጣጣ አለው። 1024 ሳምፕል ሲሆን የአንድ ቢን (ኤፍኤፍቲው ድምፁን የሚከፍልበት አንዱ ክፍል) ስፋት 43 ሄርዝ ነው፣ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ሄርዝ፣ ቀጣዩ 55 ሄርዝ ነው፣ ሁለቱም አንድ ቢን ውስጥ ይወድቃሉ። ሳምፕሉን ባበዛን ቁጥር ይጠራል ግን ጊዜ ይወስዳል፣ 4096 ማለት 93 ሚሊሰከንድ ነው፣ ከበሮው ተመትቶ ባሩ ሲዘገይ አይን ያውቀዋል። ከዚህ ማምለጫ የለም፣ ሒሳቡ ራሱ ነው። እኔ 2048 ላይ ተስማምቻለሁ፣ ሙሉውን ግን ከአዲስ አልጠብቅም፣ በየዙሩ የቆዩትን 512 ጥዬ አዲስ 512 እጨምራለሁ፣ ስለዚህ በየ11.6 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል አለኝ። ማትሪክሱን ማደስ 7.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ ይደርሳል። ከኤፍኤፍቲው በፊት ሃን ዊንዶው (የሳምፕሎቹን ሁለት ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ማባዣ) ማድረግም እንዳትረሱ፣ ያለሱ አንድ ንጹህ ድምፅ እንኳ ጎረቤት ባሮች ላይ ይፈስሳል።

ከፍታውም እንደዛው ነው፣ በዴሲቤል አድርጉት። 8 ረድፍ ብቻ ስላለኝ አንዷ መብራት 6 ዴሲቤል ናት፣ ማለትም አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር የሞገዱ ከፍታ እጥፍ ሆኗል። ባሩ ሲወጣ ወዲያው ይውጣ፣ ሲወርድ ግን ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ጫፉ ላይ ደሞ ትንሽ ቆይታ የምትወርድ አንዲት ነጥብ አድርጉለት፣ ይቺ ነገር ቀላል ትመስላለች ግን ምቱን አይናችሁ እንዲይዘው የምታደርገው እሷ ናት።

ሲያልቅ መጀመሪያ ሙዚቃ አትክፈቱ፣ በአፋችሁ ሞክሩት። ፉጨት አንድ ወይ ሁለት ባር ላይ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» ስትሉ መነሻው 120 ሄርዝ ከሆነ 240 እና 360 ላይም ተከታትለው ይነሳሉ። «ስስስ» ስትሉ ቀኙ በሙሉ ይበራል፣ ወደ «ሽሽሽ» ስትቀይሩት ያ ብርሃን ወደ መሀል ሲሸሽ ታያላችሁ። እኔ ይሄን ሳይ ምላሴ አፌ ውስጥ የት ቦታ እንዳለች ራሱ ልብ ማለት ጀመርኩ።

ቀጥሎ የማስበው 320 በ240 የሆነ የቲኤፍቲ ስክሪን አድርጌ ዋተርፎል መስራት ነው፣ ጊዜው ወደታች እየፈሰሰ ጥንካሬው በቀለም የሚታይበት። የሞከራችሁ ካላችሁ ኤፍኤፍቲውን በአንዱ የኢኤስፒ32 ኮር (ፕሮሰሰር)፣ ስክሪኑን በሌላው ኮር ነው ያደረጋችሁት ወይስ ሁሉንም በአንዱ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።