እርሾና ባዮኬሚስትሪ

ዛሬ ደሴ፣ አረብ ገንዳ ሰፈር፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ልጃቸው ውጭ አገር፣ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮኬሚስትሪ ሊማር ነው። የኮርሱን ዝርዝር ከስልኩ አነበበልን፦ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ኢንዛይም፣ ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱስ።

"ፈተናው በጸሎት ነው እንዴ የሚታለፈው?" አሉ ሀጂ። ሳቅን።

ልጁ ከጓዳ የእናቱን ሊጥ ይዞ መጣ። ክዳኑን ሲያነሳው አረፋው ላይ በላይ ነው። አንዷ ትነፋለች፣ ትፈነዳለች፣ ሌላዋ ትተካለች። ኮምጣጣው ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቀለ።

"ይሄ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቡችነር የሚባል ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1897 እርሾ ፈጭቶ ጨመቀው። ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ ስኳሩን አብላላው! ሥራው የኢንዛይም፣ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ ነው ማለት ነው። በ1907 ኖቤል ተሸለመበት።"

እናትየው "ክደነው፣ አቧራ ይገባበታል!" ብለው ነጠቁት።

ፌስቡክ ላይ ሳይንስና እምነትን ስናጣላ እንውላለን። ሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል ግን የጋዝን ግፊትና ይዘት እየለካ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለማስተርጎም ከኪሱ ያወጣ ነበር። ደሴ ላይማ ይሄ ማንንም አይገርምም።

የሀጂ ቀጣይ ጥያቄ ስለ ክፍያው ነበር። ስኮላርሺፑ የአውሮፕላን ቲኬት አይጨምርም። እሱን እየተመካከርን ሦስተኛው ቡና ደረሰ።